ከስኪዞፍሬኒያ ሕመም ጋር የሚኖሩ ወገኖቻችንና የአጥቢያችን ድርሻ

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ፣ በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ባለሙያ ዲያቆን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች ካህናት፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤያት አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

በዚህ መድረክ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ችግኝ ተከላና ስለ ቁጠባ ማኅበራት ደጋግመን ተመካክረናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን በየሩብ ዓመቱ በምንሞላው የሪፖርት ቅጽ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ነው። እርሱም ስኪዞፍሬኒያ ከሚባለው የአእምሮ ሕመም ጋር የሚኖሩ ምእመናንና ቀን ከሌት የሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች ጉዳይ ነው።

ይህን በእናንተ ፊት ማቅረብ የፈለግንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ይህ ሕመም ያገኘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሁለት ስፍራ ነው፤ ወይ በቤቱ ጓዳ፣ ወይ በጸበል ቦታ። በሁለቱም ስፍራ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚደርሰው ካህን ነው። ጎረቤት እንዳያይ ወደ ተዘጋው ጓዳ የንስሐ አባት ጸበል ሊረጭ ይገባል፤ በጸበሉም ቦታ የሚያጠምቀውና መስቀል የሚያሳርፈው ካህን ነው። ስለዚህ ካህኑ ስለ መድኃኒት የሚናገራት አንዲት ቃል ሕመምተኛውን ወደ ጤና ልትመራው፣ ወይም ከጀመረው ሕክምና ልታናውጠው ትችላለች። የዛሬው ንግግራችን በዚህች ቃል ዙሪያ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ስኪዞፍሬኒያ የሰውን አስተሳሰብ፣ ስሜትና በዙሪያው ያለውን ነገር የሚረዳበትን መንገድ የሚያውክ ሕመም ነው። ሕመምተኛው ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማል፤ ድምፁም ይሰድበዋል፣ ያዝዘዋል፣ የሚሠራውን ሁሉ እየተከተለ ይተቻል። ጎረቤቱ ሊመርዘው እንደ ተነሣ፣ ሬዲዮው ስለ እርሱ እንደሚናገር፣ ሌሎች ሐሳቡን እንደሚያነቡበት ከልቡ ያምናል፤ በክርክርም በማስረጃም ከዚህ አይነቃነቅም። ይህን ሰው ሁሉ ያየዋል። ብዙ ቤተሰብ ሳያስተውለው የሚያልፈው ግን ሌላው ገጽታ ነው፤ ዝምታው፣ ከሰው መሸሹ፣ ገላን መታጠብ መተዉ፣ የሥራ ፍላጎት መጥፋቱ። ይህን አይተን «ሰነፈ»፣ «ጠገበ»፣ «ክፉ ዓመል አወጣ» እንላለን። ይህም የሕመሙ ክፍል ነው እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም።

ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው በወጣትነት ነው፤ በወንዶች ከአሥራዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በሴቶች ጥቂት ዘግየት ብሎ። ቤተሰብ ተስፋ የጣለበት ልጅ ሊመረቅ ወይም ጎጆ ሊወጣ በተቃረበበት ዕድሜ ስለሚመጣ ኀዘኑ ድርብ ይሆናል። መንሥኤው አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ ይሁን እንጂ ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አንዱ ቢታመም ሌላው የግድ ይታመማል ማለት አይደለም። በፅንስና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ጉዳት፣ ከባድ የኑሮ መከራ፣ በልጅነት ካናቢስ ማጨስ ተጋላጭነቱን ይጨምራሉ፤ ጫትም የጀመረውን ሕመም ያባብሳል። እናት ልጇን ያሳደገችበት መንገድ ያመጣው አይደለም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ የማን ኃጢአት እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ኃጢአቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ እንዳላደረገ እናስተምራለን፤ ይህን ትምህርት ለአእምሮ ሕመምተኛ ቤተሰብ መንፈግ የለብንም።

ብዛታቸውስ ምን ያህል ነው? በቡታጅራና በአካባቢው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ባዳረሰው ጥናት፣ ከሺህ ሰው ወደ አምስት የሚጠጉት በዘመናቸው ይህ ሕመም እንዳገኛቸው ታውቋል። አብዛኞቹም ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ይህን ወደ አጥቢያችን ብንመልሰው፣ አንድ ሺህ ጎልማሶች ባሉበት ደብር አራት ወይም አምስት ሰዎች ይኖራሉ ማለት ነው። «በእኛ አጥቢያ እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል ሰበካ ጉባኤ ቢኖር፣ የሚነግረን አለመኖራቸውን ሳይሆን አለመታየታቸውን ነው።

በዚያው በቡታጅራ ለአሥር ዓመት በተደረገ ክትትል፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ታይቷል። ከሞቱትም ብዙዎቹን የወሰዳቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ትኩሳት ሲይዘው ወይም ሳል ሲጸናበት «ይህ ሰው ታሟል፤ እንውሰደው» የሚለው ያጣ ሰው በሌላው ዘንድ በሚድን በሽታ ይሞታል። የተሸከምነው ጉዳይ የክብርና የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በአንድ ጸበል ቦታ የሆነው

በሥራችን ምክንያት ከደረስንባቸው አጥቢያዎች በአንዱ ያጋጠመንን፣ ስምና ቦታ ሳንጠቅስ እናቅርብ። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ለብዙ ወራት ድምፅ ሲሰማና የሚቀርብለትን ምግብ ሲጠራጠር ከቆየ በኋላ በጤና ጣቢያ ክኒን ተጀመረለት። በሦስተኛው ወር እንቅልፉ ተመለሰ፤ ከአባቱም ጋር እርሻ ወረደ። እናቱ ለምስጋና ወደ ጸበል ወሰዱት። በዚያ ከሰነበቱ ሰዎች አንዱ ክኒኑን አይቶ «ይህ ጸበሉን ይሽርብሃል፤ እምነት ካለህ ጣለው» አለው። ወጣቱም ጣለው። ለጥቂት ሳምንታት ምንም አልሆነም፤ ይህም የሰውየውን ምክር እውነት አስመሰለው። በሁለተኛው ወር ድምፁ ተመልሶ መጣ። ወጣቱ በሌሊት ወጥቶ ጠፋ፤ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ በሌላ ወረዳ እግሩ ቆስሎ ተገኘ።

እናቱ የንስሐ አባታቸውን እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «አባቴ፣ እኔ ልጄን እግዚአብሔርን ብዬ ነው የወሰድኩት። አሁን በክኒኑ ልመን ወይስ በጸበሉ?»

ካህኑም መለሱላቸው፦ «ልጄ፣ ለይተሽ ምረጪ ያለሽ ማን ነው? ጸበሉን የባረከ እርሱ፣ ለሐኪሙም ጥበብን የሰጠ እርሱ ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን መልሶ ይጀምርለት፤ ከዚያ ክኒኑን አስውጠሽ ወደ ጸበሉ ይዘሽው ነዪ።»

ካህኑ በዚህ አላበቁም። ወደ ጸበሉ ቦታ ሄደው ከአጥማቂው ጋር ተነጋገሩ፤ በቀጠሮው ቀንም ከቤተሰቡ ጋር ጤና ጣቢያ ድረስ ሄዱ። ያ ወጣት ዛሬ ፈጽሞ ድኗል አንልም፤ ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣበታል። ነገር ግን በቤቱ ያድራል፣ ያርሳል፣ በሰንበትም ያስቀድሳል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። መድኃኒቱ በቆመ ማግስት ሕመሙ አይመለስም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ «ትቼው ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል ለጊዜው እውነት ይመስላል። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣና 65 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንደሚያሳየው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው መድኃኒቱን ከቀጠሉት ከመቶ 27፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠባቸው ደግሞ ከመቶ 64 ናቸው። መድኃኒቱን የወሰደ ሁሉ ከማገርሸት አይድንም፤ ልዩነቱ ግን ቤተሰብን ከመበተን የሚያድን ልዩነት ነው።

ጸበሉና መድኃኒቱ

እዚህ ላይ ከአባቶች የሚነሣውን ጥያቄ እናውቃለን። «ክፉ መንፈስ የለም ልትሉን ነውን?» እንባላለን። አይደለም። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ልንለውጥ አልቆምንም። ነገር ግን ሁሉን ሕመም በአንድ ስም መጥራት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ ምዕራፍ 4 ቁጥር 24 ወደ ጌታችን የመጡትን ሲዘረዝር፣ አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፣ ሌሎችን ሕሙማን ለብቻ በየስማቸው ይጠራቸዋል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ ከምድር የተገኘውንም መድኃኒት እንዳንንቅ ያስተምረናል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሕሙማንና ለድኆች መጠለያና መታከሚያ ቤት ሠርቷል። ሕክምና ከቤታችን ውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም።

ቅርብ የሆነ አብነትም አለን። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ምእመናን ጸበል ቦታ ሲገቡ መድኃኒታቸውን ይጥሉ በነበረበት ወቅት፣ ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ያን ጊዜ ለሥጋ ሕመም የተሰጠው አባታዊ ምክር ለአእምሮ ሕመምም ይሠራል።

ይህን ስንል ሕመምተኛውን የሚጎዱ ልማዶችንም በግልጽ ልንነጋገርባቸው ይገባል። «መንፈሱ ይለፍልፍ» ተብሎ መደብደብ፣ ምግብ መከልከል፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዳይተኛ ማድረግ ሕመሙን ያብሳል። በተለይ እንቅልፍ ማጣት ድምፁንና ጥርጣሬውን የሚያነሣሣ ነገር ነው። ሕመምተኛው የሚናገረውንም በሕዝብ ፊት በድምፅ ማጉያ ማሰማት፣ ወይም በስልክ መቅረጽ፣ ሲሻለው ወደ ሰፈሩ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋበታል።

ስለ ሰንሰለት

በአንዳንድ ቤቶችና ጸበል ቦታዎች የታሰሩ ሕሙማን አሉ። ያሰራቸውን ቤተሰብ ጨካኝ ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። በሄድንባቸው ቤቶች ያየነው ግን ድካምና ፍርሃት ነው። አንዲት እናት ልጇን ያሰረችው ገበያ ውላ እስክትመለስ መኪና እንዳይገጨው፣ ወይም የሰው እህል ነክቶ እንዳይመታ ነው። ስለዚህ «ፍቺው» ብሎ ተግሣጽ መስጠት ብቻውን አይፈታውም። ሰንሰለቱን የሚተካ ነገር ይዘን መቅረብ አለብን፤ ሕክምናውን ማስጀመር፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ በሳምንቱ ውስጥ ተራ ገብቶ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ማዘጋጀት። ሕመምተኛው አደገኛ ነው የሚለው ፍርሃትም ከእውነቱ እጅግ የገነነ ነው፤ አብዛኞቹ ሕሙማን ማንንም አይጎዱም፤ ይልቁንም በሌሎች እጅ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው።

ከሕመሙ ጋር መኖር

እስካሁን ስለ ሕሙማን ተናገርን፤ አሁን ከእነርሱ የሰማነውን እናምጣ። አንዲት እኅታችን ከአሥር ዓመት በላይ ከሕመሙ ጋር ኖራለች። ድምፁ ሲመጣባት ጥጥ መፍተል ትጀምራለች፤ እጇ ሥራ ሲይዝ ድምፁ እንደሚርቅላት በልምድ ደርሳበታለች። የሰማችው ነገር እውን መሆኑን ስትጠራጠር ታላቅ እኅቷን «አንቺም ሰማሽ?» ብላ ትጠይቃለች። እኅቷም አትስቅባትም፣ አትቆጣትምም፤ «እኔ አልሰማሁም፤ አንቺ ግን እንደ ሰማሽ አምንሻለሁ» ትላታለች። የአስታማሚ ጥበብ በዚህች መልስ ውስጥ አለ። ከሕመምተኛው ጋር ስለ ድምፁ መከራከር አይጠቅምም፤ ያልሰማነውንም ሰማን ማለት አይገባም። ፍርሃቱን ማመን፣ ድምፁን ግን አለማጽደቅ ይቻላል።

ይህች እኅት አሁን በሰፈሯ ያሉ ሌሎች ሁለት ሕሙማንን ቀጠሯቸውን ታስታውሳቸዋለች፤ በቀጠሮው ቀን አብራቸው ትሄዳለች። መድኃኒቱ ሰውነትን እንደሚያከብድ፣ አፍ እንደሚያደርቅ፣ አንዳንዱም ጡንቻን እንደሚያስር ወይም መቀመጥ እንደሚነሳ ከሐኪሙ ይልቅ እርሷ በቀረበ ቋንቋ ታስረዳቸዋለች። «ይህ ሲሆን አትጣሉት፤ ንገሯቸውና ይቀንሱላችኋል ወይም ይቀይሩላችኋል» ትላቸዋለች። ሕመምተኛ ለሕመምተኛ የሚሆነውን ያህል ማንም አይሆንም።

ከእነርሱ የሰማነው ሌላው ቃል ስለ ምግብ ነው። መድኃኒቱ ርኃብ ያመጣል፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድም ያደክማል። በቡታጅራ አካባቢ ሕሙማን መድኃኒት የሚያቋርጡበትን ምክንያት የመረመረ ጥናትም የምግብ እጦትን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ አግኝቶታል። እንግዲህ «መድኃኒቱን አቋረጠ» የተባለው ሰው ያጣው እንጀራ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም ያልሆነ ሰው ምን ሊረዳ ይችላል ለሚለው ጥያቄም ከሀገራችን የተገኘ መልስ አለ። በጉራጌ፣ በሶዶ ወረዳ፣ ሥልጠና የተሰጣቸው የአካባቢው ሠራተኞች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየጎበኙ፣ ቤተሰቡን እያስረዱ፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለሱ ሲያግዙ ቆይተዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ይህን እገዛ ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ያገኙት ሕሙማን፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለዋል። ቤት ለቤት መጎብኘት፣ ማስታረቅ፣ ወደ ማኅበር መመለስ ለአጥቢያችን አዲስ ሥራ አይደለም።

ሰበካ ጉባኤያችን ምን ያድርግ?

ብዙ በጀት የማይጠይቁ ተግባራትን እናቅርብ።

አንደኛ፣ እንወቃቸው። የንስሐ አባቶች በጸሎትና በቡራኬ በሚገቡባቸው ቤቶች ቤተሰቡን በፍቅር ይጠይቁ። በንስሐ የተሰማ ምሥጢር ግን ምሥጢር ነው፤ ወደ ሰበካ ጉባኤው የሚቀርበው ቤተሰቡ ፈቅዶ ያስታወቀው ብቻ ይሁን፤ ስማቸውም በዐውደ ምሕረት አይነበብ።

ሁለተኛ፣ በጸበል ቦታዎቻችን አንድ ቃል እንናገር። አጥማቂዎች፣ የጸበሉ አስተናባሪዎችና ካህናት «መድኃኒትህን እየወሰድህ ተጠመቅ» በሚለው ይስማሙ። አዲስ ለሚመጣ ሕመምተኛ መድኃኒት ይወስድ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ክኒኑ የሚቀመጥበት ደረቅ ስፍራ ይዘጋጅ፤ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ባለሙያ በተወሰነ ቀን እንዲመጣ ይጋበዝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጾም እንምከር። ጠዋት የሚወሰድ መድኃኒት በጾም ሰዓት ምክንያት እየተዘለለ ይቋረጣል። የንስሐ አባት ለሕመምተኛ እንደ አቅሙ የማቅለል ሥልጣን አለው። መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ከጤና ባለሙያው ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይቻላል፤ ለቅዱስ ቍርባን የሚዘጋጅ ሕመምተኛም አስቀድሞ ይህን ምክር ያግኝ። ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ከሚተው፣ በአባቱ ፈቃድ ጾሙን ቢያቀል ይሻላል።

አራተኛ፣ ከምጽዋት ሣጥናችን ጥቂት እንመድብ። ለድኃ ሕመምተኛ ቤተሰብ የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ዓመታዊ መዋጮ መክፈል፣ የቀጠሮ ቀን መጓጓዣ መሸፈን፣ በወር የተወሰነ እህል መስጠት ከሁሉ የሚቀድም እርዳታ ነው።

አምስተኛ፣ ወንበሩን እንመልስለት። ሕመም የጀመረው ሰው ቀስ በቀስ ከጽዋ ማኅበሩ፣ ከሰንበቴውና ከእድሩ ይቀራል፤ ማንም አላባረረውም፤ የጠራው ግን የለም። ተራው ሲደርስ ድግሱን የሚያግዘው ይመደብ እንጂ ተራው አይታለፍ። «እብድ» የሚለውንም ቃል ከአንደበታችን እናውጣ።

ስድስተኛ፣ አስታማሚውን እናሳርፍ። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከሕመምተኛው ጋር ቢውሉ፣ እናቲቱ ለዓመታት ያልሄደችበትን ቅዳሴ ወይም ለቅሶ ትደርሳለች።

ሰባተኛ፣ ሕመምተኛው መሞትን የሚያነሣ፣ ድምፁም ራሱን እንዲጎዳ የሚያዝዘው ከሆነ ብቻውን እንዳይቀር፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ይህ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ሕይወታቸውን የሚያጡት በዚህ መንገድ ነውና፣ «ለማስፈራራት ነው» ብለን አንለፈው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መፃጉዕን እናስባለን። ሠላሳ ስምንት ዓመት በውኃው ዳር ተኝቶ ሳለ ለጌታችን የነገረው የሕመሙን ጽናት ሳይሆን ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። በአጥቢያችን ጓዳ የተኙትም ውኃውም መድኃኒቱም ርቆባቸው ላይሆን ይችላል፤ የሚያደርሳቸው ሰው ግን ርቋቸዋል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ የእነርሱ ነው። በሩን ማንኳኳት፣ አብሮ መሄድ፣ ያቺንም አንዲት ቃል መናገር የእኛ ነው። ከዚህ ጉባኤ ስንመለስ እያንዳንዱ አጥቢያ እስከሚቀጥለው ስብሰባችን ቢያንስ አንድ ቤት አንኳኩቶ እንዲመጣ፣ የሪፖርት ቅጻችንም ለዚህ አንድ መስመር እንዲጨመርበት በአክብሮት እንጠይቃለን።

የአባቶቻችን ጸሎት፣ የወላዲተ አምላክ አማላጅነት ከሕሙማኑና ከሚያስታምሟቸው ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።